ከስም ዝርዝር ያወጣኋትን ልጅ ፍለጋ እስከ ሞጣ

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ላሉት ለእናቴ፣ ለወንድሞቼና ለሰፈሬ ልጆች ነው። አብዛኞቻችሁ ቢቸናንም ሞጣንም አታዩም፤ እኔም በራሴ ጥፋት ባይሆን ኖሮ አላይም ነበር። ስመለስ «እንዴት ነበር?» ብላችሁ ስትደውሉ ቁርጥራጭ ነገር ብቻ ስለነገርኳችሁ፣ አሁን ከመነሻው እስከ መመለሻው በተራ ላስቀምጠው። እስካሁን ያልገባኝ ብዙ ነገር አለ። ያልገባኝን እንደገባኝ አድርጌ እንዳልጽፍ እጠነቀቃለሁ።

ለመሄዳችን ምክንያቱ አንድ ደብዳቤ ነው። በዩኒቨርሲቲያችን ዶክተር አስካለ የሚባሉ መምህርት አሉ። የሚያጠኑት ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰው ላይ ሲወስን ተጠያቂው ማን ነው የሚለውን ነው። ከዚህ ሌላ በየከተማው እየዞሩ ወላጆችንና አርሶ አደሮችን ስለነዚህ ማሽኖች ያወያያሉ። በየዓመቱም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሥር ተማሪዎች ተመርጠው፣ ለእያንዳንዳቸው ከዩኒቨርሲቲ አንድ መካሪ ተመድቦላቸው ዓመቱን ሙሉ ይታገዛሉ። እኔ ገና አንደኛ ዓመት ብሆንም ልርዳ ብዬ ጠይቄ ተቀበሉኝ። ዘንድሮ ከቢቸናና ከሞጣ ስልሳ ተማሪዎች በእጃቸው የጻፉትን ጽሑፍ ላኩ። ዶክተር ለሌላ ሥራ ሲወጡ «አንብቢና አሥሩን ለዪልኝ» ብለውኝ ሄዱ።

አነበብኩ። ከሁሉም የወደድኩት ሐያት የምትባል የሞጣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የጻፈችውን ነበር። ግን በጣም ጥሩ ስለሆነ ፈራሁ። አንድም የተሰረዘ ቃል የለበትም፤ ሐሳቡ በተራ በተራ ተደርድሯል፤ መጨረሻው ላይ «ከዚህ በላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች» ይላል። በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ልጅ እንዲህ ትጽፋለች? እንዳልሳሳት ብዬ ስልሳውንም ኮምፒውተር ላይ ተየብኩ፤ በትርጉም ፕሮግራም ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ፤ ከዚያ በማሽን የተጻፈን ጽሑፍ ይለያል በሚባል፣ እንግሊዝኛ ብቻ በሚያነብ መመርመሪያ ውስጥ አስገባሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሃምሳ ዘጠኙ አረንጓዴ ሆነ፤ የሐያት ቀይ ሆነ። ስሟን ከዝርዝሩ አወጣሁና በትምህርት ቤቷ በኩል «ጽሑፍሽ በማሽን የተጻፈ መሆኑ ስለተረጋገጠ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል መልእክት ላክሁ። ለዶክተር አሥሩን ስም ሰጠኋቸው። አመሰገኑኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በአንድ የሞጣ አውቶቡስ ሾፌር እጅ ፖስታ መጣ። በላዩ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «ለመርማሪው ማሽን የበላይ ኃላፊ፤ አዲስ አበባ» ይላል። ውስጡ የሐያት አቤቱታ ነው። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አረጋገጥኩ ያለው ሰው ስሙ ተጽፎ እንዲሰጣት። ዶክተር አንብበው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«የማሽኑ የበላይ ማን ነው?» አሉኝ።

ያደረግኩትን ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ማክሰኞ ቢቸናና ሞጣ ስብሰባ አለኝ፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አሉ።

«ይቅርታ ልጠይቃት ነው ወይስ በማሽን ጽፋ እንደሆነ ላጣራ?»

«መንገዱ ረጅም ነው። ታስቢበታለሽ።»

ማክሰኞ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ደጀን

ከመነሳታችን በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሰው ደውለን ጠየቅን። ሦስቱም «ሰላም ነው» አሉ፤ አንዱ ግን «ለዛሬ» ብሎ ጨመረበት። አውቶቡሱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳ። እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጉልበቴን ሲያደነዝዘኝ ነበር። ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል መውረድ ጀመርን። በየመታጠፊያው ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢና ካፖርቱን እያወለቀ ያማርር ጀመር። እኔ ብቻ ነበርኩ ደስ ያለኝ። ወሩን ሙሉ አዲስ አበባ ላይ ስንቀጠቀጥ ቆይቼ፣ ድሬ ከቤታችን ደጃፍ የቆምኩ መሰለኝ።

ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ተበላሽቶ አገኘነው። ወርደን አራት ሰዓት ያህል ጠበቅን። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ትልቅ ሴት ከመቀነታቸው የቋጠሩትን ቆሎ ፈተው ለማያውቁት ሰው ሁሉ ያድሉ ነበር። ፀሐይ ላይ ሆነው ስላየኋቸው ላስደስታቸው ብዬ «እማማ፣ ነይ ወደ ጥላው» አልኳቸው።

ማኘካቸውን አቆሙ። «የማን አገር ልጅ ነሽ?»

«የድሬዳዋ።»

«እዚያ ትልቅ ሰው የለም?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና አንድ ጭብጥ ቆሎ ጨመሩልኝ፤ ወደ ጥላውም መጡ። እኛ ሰፈር አንቱ የሚባለው የተቀየምነው ሰው እንደሆነ እንዴት ላስረዳቸው እንደምችል አላወቅኩም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለማንም ሰው «እርስዎ» ለማለት ቆረጥኩ፤ ይህም በማግስቱ ሌላ ችግር አመጣብኝ።

በመዘግየታችን ደጀን አደርን። ያደርንበት ማረፊያ ቧንቧው ውኃ አልነበረውም። ባለቤቷ ሳንጠይቃቸው በማንቆርቆሪያ ውኃ አሙቀው በራችን ላይ አስቀመጡልን፤ ሁለት ብርድ ልብስም ጨመሩ። ድሬ ላይ ሌሊት አንሶላም ይከብደናል። እዚህ በሦስት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ሐያትን ምን እንደምላት አሰብኩ። የአቤቱታው የእጅ ጽሕፈትና የጽሑፏ የእጅ ጽሕፈት አንድ ነው። ግን አቤቱታውን አንድ የሕግ አዋቂ እያነበበላት ጽፋው ቢሆንስ? ያን ጽሑፍም እንዲሁ? በማሽን አልጻፈችውም ማለት ራሷ ጻፈችው ማለት ነው? ለዶክተር ይህን ብነግራቸው «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ረቡዕ፤ ቢቸና

ከደጀን እስከ ቢቸና ሜዳው ሁሉ ጤፍ ነው። እኛ ጋ ጤፍ በጆንያ የሚመጣ ነገር ስለሆነ እንዲህ ቆሞ ነፋስ ሲያወዛውዘው አይቼ አላውቅም ነበር። ቢቸና ከድሬ ጋር የምትመሳሰለው በባጃጇ ብቻ ነው። እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ይተኛል፤ እዚህ ከሰዓት በኋላ ነው ሰዉ ለስብሰባ የሚወጣው።

ስብሰባው የተደረገው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። ዶክተር አስካለ መድረክ ላይ አልወጡም፤ ወንበራቸውን አውርደው ከሰዉ መሐል ተቀመጡ። ማሽን ሲወስንባችሁ ማን እንዳስተማረው፣ ማን እንዳዘዘውና ማን መልስ እንደሚሰጥ ጠይቁ አሉ። አንድ አርሶ አደር እጃቸውን አወጡና ቆሙ።

«የግብርናው ባለሙያ ስንዴዬን በስልኩ ፎቶ አነሳው። ስልኩ፣ በሽታው ዋግ ነው አለ። ዋግ አይደለም። ዋግን እኔ አውቀዋለሁ፤ አባቴም ያውቀው ነበር። ባለሙያው ግን ስልኩን አምኖ ዋግ ብሎ መዝግቦኝ ሄደ። አሁን እኔ ማንን ነው የምከሰው? ባለሙያውን? ስልኩን? ወይስ ስልኩን የላከውን?»

«አላውቅም» አሉ ዶክተር።

እኔ ደነገጥኩ። አንዲት ዶክተር መቶ ሰው ፊት አላውቅም ይላሉ? አዳራሹ ግን አልተንጫጫም። አርሶ አደሩ «እንግዲያው አብረን እንፈልግ» ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንን መክሰስ እንደሚቻል ክርክር ነበር። እንዲህ ደስ እያለው የሚከራከር ሕዝብ አላየሁም። ድሬ ቢሆን ኖሮ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ተወው ባክህ» እንባባል ነበር። በመጨረሻ ባለሙያው ራሱ ከሰዉ መሐል ተነስቶ መዝገቡን ለማስተካከል ቃል ገባ።

ከስብሰባው በኋላ ከመረጥኳቸው አሥር ተማሪዎች አንዱን፣ ሙሉቀንን አገናኙኝ። ረጅም፣ ፈገግተኛ ልጅ ነው።

«እርስዎ ነዎት ሙሉቀን?» አልኩት።

ወደ ኋላው ዞሮ አየ። «እኔን ነው?»

ጓደኞቹ ከዚያ በኋላ «እርስዎ» እያሉ ሲጠሩት አመሹ። ጽሑፉን እንዴት እንዳዘጋጀው ስጠይቀው ምንም ሳይሸማቀቅ መለሰልኝ።

«ስልኬ ላይ ያለውን ማሽን ጠየቅኩ። ጽፎ ሰጠኝ።»

«ሁሉንም?»

«መጨረሻዋን እኔ ጨምሬባታለሁ። ስገለብጠው ደግሞ መብራት ስለጠፋ መስመር ዘልያለሁ፤ ቃላትም ተበላሽተውብኛል።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

የእሱ አረንጓዴ ነበር። የተበላሸው አረንጓዴ ሆኖ፣ ያልተበላሸው ቀይ ሆነ ማለት ነው። ማታ ቤቱ እራት የጋበዘን የትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ መምህር ረቡዕ ስለሆነ የጾም ሽሮና ጎመን አቅርቦልን ነበር፤ የእኔ እንጀራ ግን ሳይነካ ቀረ። መምህሩ አገሩ ወላይታ ነው፤ ሰባት ዓመት እዚህ ኖሯል። «ብዪ እንጂ፤ እኔም መጀመሪያ ስመጣ ምንም አይገባኝም ነበር» አለኝ። አሁን ገብቶት እንደሆነ ስጠይቀው «መብላቱ ገብቶኛል» አለ።

ማረፊያችን ስንደርስ ለዶክተር «ሙሉቀን ከዝርዝሩ ይውጣ?» አልኳቸው።

«ማሽን አትጠቀሙ ብለን ጽፈን ነበር?»

«አልጻፍንም።»

«ታዲያ በምን ጥፋት ይወጣል? ይልቅ እውነቱን የሚናገር ልጅ ነው። መካሪው ያስተምረዋል።»

«እንዲህ ከሆነ ሐያትም ተጠቅማ ብትሆን...»

«ያው ነበር።»

«ታዲያ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ የለፋሁት ምንድን ነው?»

«እሱን ነው እኔም የምጠይቅሽ» አሉኝ።

ሐሙስ፤ ሞጣ

ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ሲያወርድ ቦርሳዬን በስህተት አብረው አወረዱት። ያወቅነው ሞጣ ልንደርስ ስንል ነው። የስልሳው ተማሪ ጽሑፍ እዚያ ውስጥ ስለነበር አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ረዳቱ ሁለት ቦታ ደወለና «አይዞሽ፣ ይመጣል» አለኝ። አላመንኩትም። በሚቀጥለው መኪና መጣ። ከድሬ ስወጣ ጀምሮ የተበላሸው የቦርሳዬ ዚፕ፣ ዕቃ እንዳይወድቅበት ተብሎ በወፍራም ነጭ ክር ከዳር እስከ ዳር ተሰፍቶ ነበር። ማን እንደሰፋው የሚያውቅ የለም። ዛሬም ክሩን አልፈታሁትም፤ ዕቃዬን የማወጣው በጎን ኪሱ በኩል ነው።

የሐያት እናት ወይዘሮ ዘይነባ ሞጣ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ቤተሰቡ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እዚሁ የሚነግድ የሙስሊም ቤተሰብ ነው። መምጣታችንን ትምህርት ቤቱ ነግሯቸው ኖሮ ሱቁን ዘግተው ጠበቁን። ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ ጎረቤታቸው ቤት ወሰዱን። ግራ ገባኝ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ክርስቲያን መሆናችንን ስላወቁ ዶሮዋን ራሳቸው ገዝተው፣ ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ሰጥተው፣ በጎረቤታቸው ቤት አሳርደው፣ በጎረቤታቸው ድስት አሠርተው ነበር። እሳቸው ከአጠገባችን ተቀምጠው እያዩ አልበሉም። ድሬ ላይም ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት ነን፤ ግን እንግዳ ሲመጣብን ፓስታ ቀቅለን እንገላገላለን።

እጃችንን ያስታጠበችን ሐያት ናት። ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር ልጅ ናት። ዓይኔን አላየችም። እናቷ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣነው ልጃቸው ስለተመረጠች ነው ብለው አስበዋል። እኔ ይህን ሳውቅ መብላት ተውኩ።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ እኔ የመጣሁት...» ብዬ ጀመርኩ።

«መጀመሪያ ብዪ፣ ልጄ። ነገሩ የትም አይሄድም።»

«ግን ልነግርዎ የምፈልገው...»

«እግሩን ያዢ። ከስታለች፣ ዶክተር፤ አታበሏትም እንዴ?»

ዶክተር አስካለ መብላታቸውን ቀጠሉ። ሐያት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ የምለውን እንደምታውቅ ገባኝ። ስንወጣ በሩ ላይ ቀስ ብላ «እናቴ አታውቅም። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ኑ፤ የምንነጋገረው እዚያ ነው» አለችኝ።

ፍርድ ቤት። ለዶክተር «ከሰሰችኝ ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ኑ ካለችን እንሄዳለን» አሉ።

ዓርብ፤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ

ጠዋት የክስ ወረቀት እየጠበቅኩ ሄድኩ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጪ፣ ጥላው ሥር፣ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ሐያት ብዕር ይዛ ተቀምጣለች። ከጎኗ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ አሉ፤ አጎቷ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ጠያቂው እሳቸው፣ ጸሐፊዋ እሷ ናት። ትምህርቷ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እዚህ ትውላለች። ሦስተኛ ዓመቷ ነው።

ከእኛ በፊት አንድ የድንበር ክርክር ያለባቸው አዛውንት ነበሩ። ጋሽ ሰይድ ይጠይቃሉ፤ አዛውንቱ ይመልሳሉ፤ ሐያት በተጨማደደ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ ትሰርዛለች። ሲያልቅ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«የተናገሩት ይኸው ነው?» አለች።

«ወንዙን አላነሳሽውም» አሉ አዛውንቱ።

ወንዙን ጨመረችና እንደገና ከመጀመሪያው አነበበች። አዛውንቱ «አሁን የእኔ ነው» ካሉ በኋላ ነው ንጹሕ ወረቀት አውጥታ የገለበጠችው። አንድም የተሰረዘ ቃል አልነበረበትም። መጨረሻው ላይ «ከዚህ በላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች» ብላ ጻፈች።

ያን ጊዜ ፊቴ ጋለ። ቦርሳዬን አቅፌ ቆምኩ።

«አጎቴ፣ እሷ ናት» አለች ሐያት።

ጋሽ ሰይድ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «የማሽኑ የበላይ?»

«እኔ... አዎ፣ መሰለኝ» አልኩ። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ይቅርታ አፍ ላይ ይቀራል። ልጅቷ የጻፈችው በወረቀት ነው፤ መልሱም በወረቀት ነው። ተቀመጪ፤ ዛሬ ባለጉዳይዋ አንቺ ነሽ።»

አዛውንቱ በተነሱበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዶክተር ከኋላዬ ቆሙ። ሐያት አዲስ ወረቀት ዘረጋች። ጋሽ ሰይድ ስሜን ከነአባቴ ጠየቁኝና ጀመሩ።

«ምን አደረግሽ?»

«ጽሑፏ በማሽን የተጻፈ መሆኑ ስለተረጋገጠ...»

«እዚህ ወንበር ላይ ተረጋገጠ አይባልም። ማን አረጋገጠ?»

«መመርመሪያው።»

«በእግሩ ሄዶ ወረቀቷን አነሳ?»

«አይ፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«ማን አስገቢ አለሽ?»

«ማንም።»

«ጽሑፏን አንብበሽው ነበር?»

«አዎ።»

«ስታነቢው ምን አልሽ?»

ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበር። ለዶክተርም። «ከስልሳው ሁሉ ወደድኩት።»

የሐያት ብዕር ቆመ።

«ታዲያ ለምን ጣልሽው?»

«በጣም ጥሩ ስለሆነ።»

ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። «ይኼንን እንዴት ብለን ነው የምንጽፈው?» አሉ ወደ ሐያት ዞረው።

«እንዳለችው» አለች ሐያት፤ ጻፈችውም።

ከዚያ አነበበችልኝ። የራሴን ጥፋት በእሷ ድምፅ መስማት እንዴት እንደሆነ ልገልጽላችሁ አልችልም። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ልክ የአዛውንቱን ድንበር እንዳነበበችው ነው ያነበበችው። «የተናገርሽው ይኸው ነው?»

«አዎ፣ አዎ፣ ልክ ነው» አልኩ።

«ቶሎ አዎ የሚል ባለጉዳይ ከሳምንት በኋላ ይመለሳል» አሉ ጋሽ ሰይድ። «እንደገና አንብቢላት።»

እንደገና ስታነብልኝ አንድ ነገር ጎደለኝ። «ዶክተርን ማስደሰት ስለፈለግኩ መሆኑ አልተጻፈም» አልኩ። ሐያት ጨመረችው።

«የእኔንም ጨምሪ» አሉ ዶክተር አስካለ ከኋላዬ። «ስልሳ ጽሑፍ ለአንድ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሰጥቼ የሄድኩት እኔ ነኝ። የማሽን ተጠያቂነት አስተምራለሁ ብዬ።»

ጋሽ ሰይድ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። «እርስዎ ሌላ ባለጉዳይ ነዎት። ወረፋ ይጠብቁ።»

ዶክተር ሳቁ፤ ግን ወረፋቸውን ጠብቀው በራሳቸው ወረቀት አጻፉ። ሁለታችንም ማኅተም አልነበረንም። «ጣት አላችሁ» አሉ ጋሽ ሰይድና የቀለሙን ሣጥን ከፈቱ። ማንበብና መጻፍ እየቻልኩ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። ሐያት ሁለቱን ወረቀት አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተች። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ አልልምም አላለችም።

ዶክተር ነገሩን ነገሯት። አሥሩም ቦታ ተይዟል፤ ሙሉቀንም ሆነ ሌላው በእኛ ስህተት አይወጣም። አሥር መካሪ ስላለን ነው አሥር ተማሪ የሆነው። እሷ ከፈቀደች ግን እኔ በዶክተር ክትትል ሥር መካሪዋ ሆኜ አሥራ አንደኛ ተማሪ ሆና ትገባለች።

«እሷ እኔን ልትመክረኝ?» አለች ሐያት። እኔም በልቤ ያንኑ ነበር የምለው።

«አብራችሁ ትማራላችሁ» አሉ ዶክተር።

«ላስብበት። መልሱን በጽሑፍ እልካለሁ።»

ጋሽ ሰይድ ተነስተው ለጁምዓ ሄዱ። ሐያት ወረቀቶቿን ሰብስባ ለምሳ ወደ ቤቷ፣ እኛ ከሰዓት በኋላ ወደ ወላጆች ስብሰባ ሄድን። በስብሰባው ላይ ወይዘሮ ዘይነባን ከፊት ተቀምጠው አየኋቸው። ሲያልቅ መጥተው እጄን ያዙ። ልጃቸው ምሳ ላይ ሁሉንም ነግራቸው ነበር።

«ለዚህ ነው ዶሮው ያልወረደልሽ» አሉኝ፤ ሌላ ምንም ሳይሉ ለመንገድ ብለው በጨርቅ የቋጠሩትን ዳቦ ሰጡኝ። ተቀይመውኝ ይሁን ወይም አዝነውልኝ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ቅዳሜ፤ ወደ አዲስ አበባ

የመልሱ ጉዞ ያለ ችግር አለፈ፤ ስለዚህም የምጽፈው ብዙ የለም። ዓባይ በረሃ ስንደርስ እንደገና ሞቀኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን ድሬን አላስታወሰኝም። አውራ ጣቴ ላይ ያለው ቀለም በሳሙናም በሎሚም አልለቅ ብሎ ነበር። ዳቦውን ለዶክተር እየቆረስኩ «ትክክል ነው ያደረግኩት?» አልኳቸው።

«እኔን ለማስደሰት ነው የምትጠይቂኝ?»

አሰብኩ። «ምናልባት።»

«እንግዲያው የእሷን መልስ ጠብቂ።»

ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። የሞጣው ሾፌር ሲመጣ ሁለት ጊዜ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በሦስተኛው ፖስታ ሰጠኝ። በላዩ ላይ «ለማሽኑ የበላይ» አይልም፤ ስሜ ከነአባቴ ተጽፎበታል። መልሷ ግማሽ ገጽ ብቻ ነው።

«ጉዳዩ፦ መልስ ስለመስጠት። በተባለው መሠረት ለመግባት ተስማምቻለሁ። ሆኖም የምልከውን ጽሑፍ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ከማለትሽ በፊት፣ በስልክ በራስሽ ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድታነቢልኝ እጠይቃለሁ።» ከሥሩ ፊርማዋ አለ። ከመልሷ ኋላ በሌላ ወረቀት አዲስ ጽሑፍ ተያይዟል፤ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ስለሚመጡ ሰዎች ነው።

እሑድ ደወልኩላት። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። በአራተኛው ቀስ ብዬ፣ ምንም አስተያየት ሳልጨምር፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ሲያልቅ እሷ ባለጉዳዮቹን እንደምትጠይቀው ጠየቅኳት።

«የተናገርሽው ይኸው ነው?»

«ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር ዘለልሽ» አለችኝ።

ወረቀቱን አየሁት፤ እውነቷን ነው። ገጹን መለስኩና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።